ኮምፒውተራችሁ በድንገት ሲጎተት፤ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ትናንት ማታ ደህና የነበረ ኮምፒውተር ዛሬ ጠዋት ለመነሳት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ፎልደር ስትከፍቱ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ክሮም ስታክ ያደርጋል። ማውሱ እየተቆራረጠ ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን የምናውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ጥገና ቤት ወስዶ "ፎርማት አድርጉልኝ" ማለት።

ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ አንዳንዴ በእርግጥ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ስለሆነ ጥቂት ቆይቶ ያው ይመለሳል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሃርድ ዲስኩ ሊበላሽ ጫፍ ላይ የደረሰ ኮምፒውተር ነው። እሱን ሳያዩ ፎርማት ማድረግ የልጆችን ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍን፣ የዓመታት ሒሳብን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡትና ምን እንደያዘው እዩ። ለምርመራው የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ። የሚገዛ ነገር የለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ የተንቀራፈፈ ኮምፒውተርና በድንገት የተጎተተ ኮምፒውተር ችግራቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ፕሮግራም በዝቶበት፣ ዲስኩ ሞልቶ፣ አዳዲሶቹ ሶፍትዌሮች ከብደውት ነው። ሁለተኛው ላይ ግን የሆነ ነገር ተለውጧል። አዲስ ፕሮግራም ወይም ጌም ተጭኗል? የሰው ፍላሽ ተሰክቶ ነበር? እየሠራ ሳለ መብራት ጠፍቶበታል? ላፕቶፑ ወድቋል? ቻርጀሩ ተቀይሯል? ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠይቁ፤ ልጆቹን ደግሞ ሳትቆጡ። ቁጣ ካለ እውነቱ አይወጣም፤ የምትፈልጉት ደግሞ እውነቱን ነው።

የሚጎተተው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ኢንተርኔቱ የሚለውን በአንድ ደቂቃ መለየት ይቻላል። ዋይፋዩን አጥፉና አንድ የወርድ ፋይል ክፈቱ። ቶሎ ከተከፈተና የሚያስቸግራችሁ ዌብሳይት ብቻ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ነው።

ቀጥሎ ሪስታርት አድርጉ። "በየቀኑ አጥፍቼ ነው የማድረው" የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ከመጣ ወዲህ "ሻት ዳውን" ሙሉ በሙሉ መዝጋት ላይሆን ይችላል። ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ። በቶሎ እንዲነሳ ሲባል የዊንዶውስን ዋና ክፍል እንደነበረ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይጠፋል፤ በነጋታው ያንኑ መልሶ ያመጣዋል። የተበላሸ ነገር ካለም አብሮ አድሮ አብሮ ይነሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ያስጀምራል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ፣ አሁን በምንከፍተው መስኮት ውስጥ፣ "ፐርፎርማንስ" በሚለው ገጽ ሲፒዩ ስር፣ "አፕ ታይም" የሚል ቆጣሪ አለ። ማታ ማታ የሚጠፋ ኮምፒውተር ላይ ሃያና ሠላሳ ቀን ቆጥሮ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ታስክ ማናጀርን ማንበብ

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ትንሽ መስኮት ከመጣ ከታች "ሞር ዲቴይልስ" የሚለውን ንኩ። አሁን የሚሠሩት ፕሮግራሞች ተደርድረው፣ ከላይ ደግሞ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና ኔትወርክ የሚሉ ዓምዶች በፐርሰንት ይታያሉ። ኮምፒውተር ሲነሳ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ስለሚሯሯጥ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከዚያ በኋላ መቶ አካባቢ ወጥቶ አልወርድ ያለው የትኛው ነው? የዓምዱን ስም ስትነኩት ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ወደ ላይ ይመጣል።

እዚህ ላይ ሰው የሚደነግጥባቸው ግን ጥፋት የሌለባቸው ስሞች አሉ። "አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክሲኪዩተብል" የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ነው፤ ፋይሎቻችሁን እየፈተሸ ነው። "ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስቶለር ወርከር" አፕዴት የሚጭነው ነው። እነዚህ ካሉ ኮምፒውተሩን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ጥቂት ሰዓት ተዉት፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ይለቁታል። መብራት እየሄደ እየመጣ በሚያስቸግርበት ሰፈር አፕዴቱ መሃል ላይ እየተቋረጠ እንደገና ስለሚጀምር ነገሩ ቀናት ሊወስድ ይችላል። "ሲስተም አይድል ፕሮሰስ" 95 ፐርሰንት ካለ ደግሞ አትንኩት። ፕሮሰሰሩ ሥራ የለውም ማለት ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ዜና ነው።

ከውጭ የመጣ አንቲቫይረስ ሁለት ሆኖ ከተገኘ አንዱን አራግፉ። አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ልፈትሽ ስለሚሉ ማሽኑን አንቀው ይይዙታል።

ሜሞሪው ከሞላ

ሜሞሪ ወይም ራም ሥራ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያወጣ፣ ሲፈለግ መልሶ እያስገባ ይሠራል። ችግሩ የፍጥነታቸው ልዩነት ነው። ራም መረጃ ለማውጣት 100 ናኖሰከንድ ገደማ ሲበቃው፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ማሽኑ ትንሽ ዘግየት ማለት ሳይሆን ድርቅ ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው።

4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ክሮም፣ ቴሌግራምና ወርድ አንድ ላይ ከተከፈቱ ወዲያው ይሞላል። በድንገት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ የክሮም ገጽ ወይም በቅርቡ የተጨመረ ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ፕሮግራም) ነው። ክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር አለው። ክሮም ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትና ኢስኬፕን ስትጫኑ የትኛው ገጽ ስንት እንደሚበላ ይዘረዝራል።

ራም ለመጨመር ካሰባችሁ በዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር "ፐርፎርማንስ" በሚለው ገጽ ሜሞሪ ውስጥ ግቡ። ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ "ስሎትስ ዩዝድ" የሚለው ይናገራል። የራሙን ዓይነትም ለዩ፤ ዲዲአር3 በዲዲአር4 ቦታ አይገባም። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አይቀየርም።

ዲስኩ መቶ ላይ ከቆመ

ብዙ የቤት ኮምፒውተር የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ዩዝድ ሆነው የሚገቡ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ የሚያነበው ክንድ ወደ ትክክለኛው ቦታ መሄድ አለበት። ተበታትኖ የተቀመጠ ነገር ሲጠየቅ በሰከንድ ማድረስ የሚችለው ከመቶ የማይበልጥ ንባብ ነው። እያንዳንዱ ንባብ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ድምሩ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ተይዞ ፍጥነቱ ግን 0.7 ሜጋባይት ሲል የምታዩት ለዚህ ነው። ይህ በራሱ ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ አፕዴትና አንቲቫይረስ አንድ ላይ ሲነሱ ጤነኛውም እንዲህ ይሆናል።

ጤነኛውን ከታመመው የሚለየው ሌላ ቁጥር ነው። "ፐርፎርማንስ" ውስጥ ዲስክ የሚለውን ስትከፍቱ "አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም" የሚል አለ፤ ዲስኩ ለተጠየቀው መልስ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሥራ የበዛበት ጤነኛ ሃርድ ዲስክ በአሥሮች፣ ሲጨናነቅም በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ያሳያል። ምንም የከፈታችሁት ነገር ሳይኖር ሺዎች ውስጥ ከገባና ከዚያ ካልወረደ ግን አደጋ ነው።

የአንዲት መምህርት ዘመዴን ላፕቶፕ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ሲፒዩ 6 ፐርሰንት። ሜሞሪ ከግማሽ በታች። ዲስክ 100። ከስር ያለው ፍጥነት 0.3 ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ዜሮ። ሪስፖንስ ታይሙ ከ4,000 በላይ። ጆሮ ጠጋ አድርጎ ለሰማው ደግሞ በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ። ዲስኩ የተጎዳ ቦታ ላይ ደርሶ አላነብ ብሎት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ዊንዶውስም ያንን እየጠበቀ ቆሟል። ከአልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ የመጣ መሆኑን ልጇ ነው የተናገረው። እሷ ግን ፎርማት ይደረግ ተብላ ሰኞ ልትወስደው ነበር፤ የተማሪዎቿ የዓመት ውጤት ውስጡ አለ።

የዲስኩን ጤንነት የሚያሳይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን ያነባል፤ ደህና ከሆነ ሰማያዊ፣ የሚያሠጋ ነገር ካለ ቢጫ፣ ካበቃለት ቀይ ያሳያል። ከዝርዝሩ ውስጥ "ሪአሎኬትድ ሴክተርስ" እና "ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር" የሚሉትን እዩ። የመጀመሪያው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩትን፣ ሁለተኛው ሊነበቡ አልችል ያሉትን ቦታዎች ይቆጥራል። ዜሮ ካልሆኑና ከቀን ወደ ቀን ከጨመሩ ያ ዲስክ አይታመንም። ዴስክቶፕ ላይ "ሲአርሲ ኤረር" የሚለው ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ዲስኩን ሳይሆን ኬብሉን ጠርጥሩ። ዳታ ኬብሉን በሌላ መቀየር በቂ ሊሆን ይችላል።

ቢጫ ወይም ቀይ ካያችሁ ሌላውን ሁሉ አቁሙ። ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን ማሰባሰብ) አታድርጉ። ቼክ ዲስክም አታስጀምሩ፤ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማስነበብ የቀረችውን ዕድሜ ይጨርሳታል። መጀመሪያ ሊተካ የማይችለውን ወደ ውጭ ዲስክ ቅዱ፤ ትንንሾቹን ዶክመንቶች አስቀድሙ፣ ፊልሙ ይቆይ። መቅዳቱ አንድ ፋይል ላይ ከተገተረ እሱን ዝለሉና ቀጥሉ። ከዚህ በኋላ ነው ዲስክ መቀየር የሚመጣው።

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሲ የሚለው ክፍል ቀይ እስኪሆን ከሞላም ኮምፒውተሩ ይጎተታል። ከጠቅላላው 15 እስከ 20 ፐርሰንት ያህል ክፍት ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ የምፈትሸው ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" የሚለውን ፎልደር ነው። ያወረዳችሁት ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ተከማችቶ ይገኛል። ቴሌግራም በራሱ የሚያጠራቅመውን ደግሞ ከሴቲንግ "አድቫንስድ" ውስጥ "ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ" በሚለው ማጽዳት ይቻላል።

ሲፒዩው ሲጨናነቅ

እዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ሥራ በዝቶበት ነው። ሁለተኛው ጉልበቱን ራሱ ቀንሶ ነው፤ ይኼኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

"ፐርፎርማንስ" ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ክፈቱና የሚከብድ ነገር እያሠራችሁ "ስፒድ" የሚለውን ተመልከቱ። ሥራ ሲፈታ ዝቅ ማለቱ ጤናማ ነው። ሥራ በዝቶበት ሳለ 0.4 ወይም 0.8 ጊጋኸርዝ ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ግን የሆነ ነገር ይዞታል። አንዱ ምክንያት ሙቀት ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ፋኑ በአቧራ ተዘግቶ ወይም ቆሞ ሊሆን ይችላል። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጠቀምም የአየር መውጫውን ይደፍነዋል። በአየር ሲጸዳ ፋኑ በኃይል እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ያዝ አድርጉት። ማሽኑ የቆየ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቅባት ደርቋልና ባለሙያ ይቀይረው።

ሌላው ምክንያት ቻርጀር ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች የተሰካባቸው ቻርጀር ስንት ዋት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከገበያ የተገዛው ቻርጀር መልስ ካልሰጠ ወይም መልስ የሚሰጥበት ቀጭን ሽቦ ከተቆረጠ ላፕቶፑ ኃይል እንዳያንሰው ፈርቶ ፕሮሰሰሩን ያስተኛዋል፤ ባትሪውንም አይሞላም። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሲሠራ ፍጥነቱ ከተመለሰ ሌላ ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ። እንዲህ ያለው ማሽን አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አይፈጥንም።

ቫይረስስ? በእርግጥ አለ። አሁን አሁን የሚያስቸግረው በእናንተ ፕሮሰሰር ለሌላ ሰው የክሪፕቶ ገንዘብ የሚቆፍር ድብቅ ፕሮግራም ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው በክራክ ነው። ዊንዶውስ ወይም ኦፊስ አክቲቬት የሚያደርግ ተብሎ የሚወርደው ፋይል "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ" ይላል፤ ሰውም ያጠፋል። አንዳንዶቹ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ወዲያው ሥራቸውን አቁመው ይደበቃሉ። ፋኑ እየጮኸ ቆይቶ ታስክ ማናጀርን ስትከፍቱ ጸጥ ካለ፣ ስትዘጉት ደግሞ ከጀመረ ጠርጥሩ።

"ዊንዶውስ ሴኩሪቲ" ውስጥ "ኤክስክሉዥንስ" የሚለውን ዝርዝር ክፈቱ። አንቲቫይረሱ እንዳይነካቸው የተባሉ ፎልደሮች ናቸው። እናንተ ያላስገባችሁት ነገር ካለ አውጡት። ከዚያ "ስካን ኦፕሽንስ" ውስጥ "ኦፍላይን ስካን" የሚለውን አስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ ተደብቆ የሚያመልጠውም ይያዛል። ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። "ኮምፒውተር አፍጥን" እያሉ የሚመጡ ፕሮግራሞችን ግን አትጫኑ። ያለው ላይ ሌላ ሸክም ናቸው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ቫይረስ ናቸው።

ምንም ካልተገኘ

ሴፍ ሞድ ጥሩ ፈራጅ ነው። ሺፍትን እንደተጫናችሁ "ሪስታርት" የሚለውን ንኩ። ከዚያ "ትራብልሹት"፣ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ"፣ "ስታርትአፕ ሴቲንግስ" ብላችሁ ሲነሳ 4 ቁጥርን ተጫኑ። ዲስኩን የሚቆልፈው የቢትሎከር ቁልፍ ከተጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሴፍ ሞድ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ይነሳል። እዚያ ከፈጠነ ችግሩ ሶፍትዌር ነው፤ በቅርብ የተጫነውን አራግፉ፣ ራሳቸው የሚነሱትንም ታስክ ማናጀር ውስጥ ካለው "ስታርትአፕ" ገጽ አጥፉ። እዚያም ከተጎተተ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከእቃው ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ፎርማት አይፈውሰውም።

ሶፍትዌር ሆኖ አልፈታ ካለ ያኔ ፎርማት ተገቢ ነው። ግን ባክአፑን ራሳችሁ አድርጉት። "ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ" ማለት ባክአፕ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲ እና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ ዲስኩ ሲሄድ ሁለቱም ይሄዳሉ። ቤት ውስጥ በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ ዶክመንትስ የሚለውን ፎልደር መቅዳት ብቻ አይበቃችሁም፤ የድርጅቱ ዳታ ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ በፒችትሪ በራሱ ባክአፕ አውጡ። በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፉ የድሮ ጽሑፎች ካሏችሁ ፎንቶቹንም ያዙ፤ ያለ እነሱ ጽሑፉ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የብራውዘር ፓስወርዶችንም አትርሱ።

ዊንዶውስ የሚጫንበት ፍላሽ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ማዘጋጃ አለ፤ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ግን 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን ሌላ መጎተት መግዛት ነው፤ መጀመሪያ ራሙን አሳድጉ።

ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ማሽኑ አሁንም በሚሽከረከር ዲስክ የሚሠራ ከሆነ፣ ምክሬ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ ነው። ተራ የሚባለው የሳታ ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ 500 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፤ ክንድ ስለሌለው የተበታተነ ፋይል አያስጨንቀውም። የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ታስክ ማናጀር ውስጥ ከዲስኩ ስም ስር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስታስቀይሩ ግን የድሮውን ዲስክ ጥገና ቤት ትታችሁ አትውጡ። ፎቶዎቻችሁና ፓስወርዶቻችሁ አሁንም እሱ ላይ አሉ። አዲሱ ላይ የጎደለ ነገር እንደሌለ እስክታረጋግጡ ድረስ ቤት አስቀምጡት።